ለወይራ ሜዳ ማረሚያ ቤት የአርባ ዓመት ታሪክ የቀረበ እርማት

ለወይራ ሜዳ የሕጻናት ማሠልጠኛና ማረሚያ ቤት
ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የጉና ብርድ በበረታበት በዚህ በታኅሣሥ ወር ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤናን፣ ለቢሮዎም ሙቀትን እመኛለሁ። የቤቱን የአርባ ዓመት ታሪክ የያዘው ረቂቅ ለበዓሉ ከመታተሙ በፊት የፊደል ግድፈቱን እንዳርም ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። በዚያ ቤት ሃያ ሦስት ዓመት አማርኛና ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ ለወጣ ሰው ይህ ትልቅ ክብር ነው። ፊደሉን አርሜአለሁ። ከፊደሉ ሌላ ያገኘሁትን ደግሞ፣ መጽሐፉን የሚያነበው ሕዝብ ስለሆነ፣ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በሕዝብ ፊት ማቅረብ ይሻላል ብዬ እንደሚከተለው ዘርዝሬአለሁ።

፩. በገጽ 4 ቤቱ «ከዘመኑ ጋር ያለማቋረጥ እንደተለወጠ» ተጽፏል። እውነት ነው። በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች ማሳደጊያ ተብሎ ተከፈተ፤ ቀጥሎ የጠባይ ማረሚያ፣ ከዚያም የወጣት ጥፋተኞች ማሠልጠኛ ሆነ፤ አሁን ሁለቱን ስም አጣምሮ ይዟል። ታፔላው ሦስት ጊዜ ሲቀየር የበሩ ቁልፍ አንድ ጊዜም አልተቀየረም፤ ይህ ጽናት በመጽሐፉ ውስጥ ቢጠቀስ መልካም ነው።

፪. በገጽ 11 ልጆቹ «በዘመናዊ የእንጨት ሥራ» እንደሠለጠኑ ይነበባል። ክፍሉ ሦስት መላጊያ ነበረው፤ ሁለቱ ስለት አልነበራቸውም። ልጆቹ በአብዛኛው የሠለጠኑት የኃላፊዎችን ድንች በመኮትኮት ስለሆነ «ዘመናዊ» የሚለውን ቃል ሰርዤዋለሁ። ስለ ድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫. በገጽ 19 «ከዚህ ቤት አንድም ልጅ ጠፍቶ አያውቅም» ይላል። እዚህ ላይ ቀይ እስክሪብቶዬ ስለቆመ፣ ይህ ቁጥር ከሌሎቹ ቢረዝም ይታገሡኝ።

በ2008 ዓ.ም. ይሻው የሚባል፣ ከጉና ግርጌ የመጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ እናቱ ወይዘሮ ማሬ እግራቸውን ታመው ዋንዛዬ ፍል ውሃ በሰነበቱበት ወር፣ የሰው በግ ነድቶ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ተያዘ። ፍርድ ቤቱ የዕድሜ ማስረጃ ጠየቀ። የልደት ወረቀት ስላልነበረው የደብሩ ቄስ የክርስትና ካርድ ጽፈው ላኩ፤ በካርዱ ላይም እንደ ሥርዓቱ የክርስትና ስሙ ሰፈረ። የእርስዎ መዝገብ ቤት ያንኑ ገልብጦ ልጁን ገብረ ሥላሴ ብሎ መዘገበው። በአገራችን በክርስትና ስሙ ሰውን የሚጠራው ቄስ ነው፤ እሱም በቁርባንና በፍትሐት ጊዜ።

ወይዘሮ ማሬ ከፍል ውሃው እንደተመለሱ ልጃቸው ወይራ ሜዳ ገብቷል ሲባል ሰምተው በእግራቸው መጡ። የጥበቃው ደብተር «ማሬ የተባሉ እናት፣ ይሻው የሚባል ልጅ ፈልገው፤ የለም» ይላል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ የእጅ ጽሕፈት፣ እንዲሁ ተጽፏል። ዘበኞቹ ትጉሃን ነበሩና ሦስቱም ጊዜ መዝገቡን አይተዋል፤ ልጆቹን ለማየት ግን የታዘዘ አልነበረም። እሱ ከበሩ ስልሳ እርምጃ ርቆ እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በ2010 ዓ.ም. «ፈላጊ የሌለው» ተብሎ ወደ ሌላ ተቋም ተዛወረ፤ የተቋሙ ስም በሽኝት ደብዳቤው ላይ አልተጻፈም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ረቂቁን ለማመሳከር መዝገቡንና የጥበቃውን ደብተር ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ ከገብረ ሥላሴ ትይዩ የእናት ስም «ማሬ» ተብሎ ባየሁ ጊዜ ነው።

፬. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ስም ስጠራ ዝም አለ። ጠጋ ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ እኔ እኮ ይሻው ነኝ» አለኝ። እኔም ተማሪ በመዝገብ ስሙ ሲጠራ አቤት ይላል ብዬ አረምኩት። ከሳምንት በኋላ አቤት አለ። በገጽ 26 ሥርዓት አክባሪ መምህር ብለው ስላመሰገኑኝ እጅ እነሳለሁ።

፭. የልጁ ስም ተስተካክሎ የተላከበት ቦታ ለእናቱ እንዲነገር ላቀረብኩት ማመልከቻ በአምስት ወር ውስጥ መልስ ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስም የሚስተካከለው ባለጉዳዩ ራሱ ሲቀርብ ነው፤ ያለበት ቦታ የሚገለጸው ደግሞ ስሙ ሲስተካከል ነው ብለዋል። ይህንኑ ከጉና ግርጌ ፈልጌ ላገኘኋቸው ለወይዘሮ ማሬ ባስረዳቸው «እሱን ይዤ ከመጣሁማ ምን ልፈልግ እመጣለሁ?» አሉኝ። እኔም ጥያቄውን እንዳለ ወደ ቢሮዎ አስተላልፌአለሁ።

ይሻው በሕይወት ካለ ዘንድሮ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ፈላጊ እንደሌለው በማኅተም የተነገረው ሰው ተመልሶ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም፤ እርስዎም ይፈልጉታል ብዬ አልጠብቅም። የምለምነው በገጽ 19 ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር እንድትወጣ ብቻ ነው። በዓሉ ያለ እሷም ይደምቃል።

ከዓይኑ ይልቅ መዝገብዎን አምኖ ያገለገለው፣ ለዚህም የጡረታ ዕረፍት የተሰጠው፣

ታዛዥዎ
መልካሙ ጥላዬ
ጡረተኛ መምህር

ማስታወሻ፦ ረቂቁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ፤ ሽፋኑ ግን የለበትም። ልጆቹ ተሰልፈው የሚታዩበትን የ2009 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ወይዘሮ ማሬ እንዳዩት፣ ፊደል ባይቆጥሩም፣ ከግራ በሦስተኛው ልጅ ላይ ጣታቸውን አኖሩ። በዕድሜዬ መጽሐፍ ቀድጄ አላውቅም ነበር፤ ይህን ቀድጄ ሰጠኋቸው። በንብረት መዝገብዎ ላይ «ጠፋ» ተብሎ እንዳይጻፍ አደራ፤ ሽፋኑ የት እንዳለ አውቃለሁ።