ፍሪዘር ውስጥ የቆየው የዴልፊን እንጨት

ቅዳሜ፣ ማርች 2
ሰኞ የአልጀብራ ፈተና አለ። አላነበብኩም። ጠዋት ደጃፉን ከበረዶ ጠረግኩ። እማዬ ለምሳ አተር አምጣ አለችኝ፤ ምድር ቤት ወርጄ ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ከአጋዘን ሥጋው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም እንጨት ተጋድሟል። ላዩ ላይ የእህቴ የዴልፊን ጽሑፍ፦ «አይበላም። ኤሚል፣ አንተን ነው።»

ሳቅኩ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አተሩ እጄ ላይ መቅለጥ ጀመረ።

ከሞተች አራት ወር ሊሆናት ነው።

እሑድ፣ ማርች 3
እማዬ እንጨቱ እዚያ እንዳለ ታውቅ ኖሯል። ኦክቶበር ላይ ዴልፊን ከወንበር ሥራ አስተማሪዋ ከሚስስ ኤልድሪጅ ጋር የኦክ ግንድ ፈልጣ ያመጣችው ነው፤ ዊንድሰር ለሚባለው፣ ጀርባው ባለዘንግ ለሆነው የእንጨት ወንበሯ። መቀመጫው፣ እግሮቹ፣ የጀርባው ዘንጎች ተሠርተው እሳቸው ዘንድ ተቀምጠዋል። የቀረው ዘንጎቹን ከላይ የሚይዘው ቅስት ብቻ። እንጨቱ ከደረቀ አይታጠፍም፤ ፍሪዘር ያስገባችው ለዚህ ነው። ከዚያ ኖቬምበር መጣ፤ መኪናዋ በረዶ ላይ ተንሸራተተ...

ልጨርሰው አልኳት። ሳህን እያጠበች ነበር፤ ዞር አላለችም።

«ከተሰበረስ?»

የታጠበውን ሳህን ተቀብዬ ማድረቅ ጀመርኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 9
ሚስስ ኤልድሪጅ ዘንድ ሄድኩ። ድሮ በረት የነበረ ወርክሾፕ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ መጥረቢያ ከእኔ በላይ ያነሳሉ። ፍሪዘርም ቢሆን ቀስ በቀስ ያደርቃል አሉኝ፤ ከፋሲካ ካለፈ ማገዶ ነው። ግን የእሷን እንድነካ አልፈቀዱም። «መጀመሪያ የእኔን ስበር።»

ሰበርኩ። ሁለት።

የከተማችን ጥርስ ሐኪም ሎውልም እዚያ ነው የሚማረው። አንድ ወንበር ከጀመረ ሦስት ዓመቱ። መቀመጫውን ሲበሳ «ካመመህ እጅህን አንሳ» ይለዋል። ሚስስ ኤልድሪጅ፣ ወንበሩ ከደንበኞችህ ይሻላል፣ ቢያንስ አይነክስህም አሉት።

የእኔን ስባሪ አንስተው ጣታቸውን በእንጨቱ ክር፣ ዛፉ ሲያድግ በሠራው መስመር ላይ አስኬዱ። ክሩ ጠማማ ነው፤ እኔ ደግሞ እንጨቱን ላቃና ብዬ በማስመሪያ እየለካሁ ስልገው ክሩን ቆራርጬዋለሁ። የሚያምር ቀጥ ያለ እንጨት... እንጨት ከሚለሰልስበት የእንፋሎት ሳጥን ወጥቶ ገና ሲታጠፍ ጧ አለ።

«ክሩ ሲጠመም አብረህ ተጠመም» አሉ። «ያልተቆረጠ ክር ይታጠፋል።»

ቅዳሜ፣ ማርች 16
ሦስተኛው ታጠፈ። እንደ ቀበቶ! ጮህኩ። ሎውል አቀፈኝ፤ ጢሙ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ ነበረበት።

ወደ ቤት ስመለስ ትዝ አለኝ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዴልፊንን አላሰብኩም። ጥፋት ነው? አላውቅም። ርቦኝ ነበር። ሦስት ሳንድዊች በላሁ።

ረቡዕ፣ ማርች 20
እንጨቱ አሁንም ፍሪዘር ውስጥ ነው። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኩም። ፋሲካ አሥራ አንድ ቀን ቀረው።

ቅዳሜ፣ ማርች 23
ጠዋት ስነሳ እንጨቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ላስቲኩ ተፈትቷል፤ ውሃ ይንጠባጠባል። እማዬ ካፖርቷን ለብሳ፣ የመኪና ቁልፍ ይዛ ቆማለች።

«እኔም እመጣለሁ» አለች። «ከተሰበረም አብረን እናየዋለን።»

እስከ ምሳ ላግኩት። መሃሉ ላይ ወደ ግራ ይሸሻል፤ ልክ እንደ ዴልፊን ግትር። ተከተልኩት። ሃምሳ ደቂቃ እንፋሎት ውስጥ ቆየ። ሚስስ ኤልድሪጅ አስጠነቀቁን፤ ከወጣ በኋላ ያለን ግማሽ ደቂቃ ነው። እኔ በግራ፣ እማዬ በቀኝ ይዘን በቅስት ቅርጽ በተቆረጠው ማጠፊያ ጣውላ ዙሪያ መሳብ ጀመርን። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከውጭ በኩል ቀጭን ስንጥር ብድግ አለ። እማዬ ቆመች። እኔም።

«ስትቆሙ ነው የሚሰበረው» አሉ ሚስስ ኤልድሪጅ። «ሳቡ።»

እማዬ ዓይኗን ጨፍና ሳበች። እኔም ሳብኩ... መጨረሻው ድረስ። ሚስስ ኤልድሪጅ እንዳይላቀቅ ሽብልቅ መቱበት። ስንጥሩ እዚያችው ቀርቷል፤ ከጣት አይረዝምም።

ሎውል ጎንበስ ብሎ አየና፣ «እሷን እኔ እሞላታለሁ። ሙያዬ ነው» አለ።

እማዬ ሳቀች። ጠረጴዛ ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። ይህን ሳቋን ረስቼው ነበር።

እሑድ፣ ኤፕሪል 14
ወንበሩ ትናንት ተገጣጠመ፤ ማታ ቤት ገባ። ማንም አልተቀመጠበትም። በአጠገቡ ስናልፍ እንኳ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ወንበር ነው ወይስ ሐውልት?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 17
ሎውል ስንጥሯ እንዴት እንደያዘች ሊያይ መጣ። ሳይጠይቅ ዘጭ አለበት። እኔና እማዬ እኩል ብድግ አልን።

«ምነው፣ የሰው መቀመጫ አይደለም እንዴ?» አለ። ቀጥሎ ኬክ እንዳለን ጠየቀ። ነበረን።

እሑድ፣ ኤፕሪል 21
እማዬ ትናንት ሚስስ ኤልድሪጅ ዘንድ የቅዳሜውን ትምህርት ጀመረች። የመጀመሪያ ቀኗ ነው፤ ሁለት ሰበረች። ለጎረቤት ሁሉ በኩራት ስታወራ ዋለች።

ይህን የምጽፈው የዴልፊን ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ቅድም አልጀብራ እየሠራሁበት ወደ ኋላ ልለጠጥ ስል እማዬ አየችኝ። ተው ልትለኝ አፏን ከፈተች... ከዚያ መልሳ ዘጋችው።

በሙሉ ክብደቴ ተደገፍኩ። ቅስቱ ትንሽ ለመጥ አለ፤ ተሸከመኝ።