ሥሩ ሳይለብስ የቀረው ሎሚ
የወይዘሮ አገርነሽ ክንዱ የሕይወት ታሪክ (1922–1981 ዓ.ም.)

ነሐሴ 3 ቀን 1970 ዓ.ም. ጧት ወይዘሮ አገርነሽ ክንዱ በባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ከሚገኘው ቤታቸው ጓሮ ተንበርክከው የሎሚ ችግኝ ይተክሉ ነበር። ችግኙን አቁመው አፈሩን በእጃቸው ሲመልሱ፣ ልጃቸው ዳኘው ከደጅ “እማዬ” ብሎ ተጣራ። “መጣሁ፣ ሥሩን ላልብሰው” አሉት። ሁለተኛ ሲጣራ እጃቸውን ሳያጥቡ ወጡ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የታጠቁ ሰዎች ልጁን ለጥያቄ ይፈለጋል ብለው ይዘውት ሄደዋል።

የሕይወት ታሪክ ከልደት መጀመሩ ሥርዓት ነው። ወይዘሮ አገርነሽ ግን ዕድሜያቸውን “ከዚያ ጧት በፊት፣ ከዚያ ጧት በኋላ” እያሉ ነበር የሚቆጥሩት።

ከአባታቸው ከአቶ ክንዱ ሣህሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል አለበል በ1922 ዓ.ም. በጣና ዳር፣ በዘጌ ተወለዱ። የዘጌ መሬት በበሬ አይታረስም፤ ጌሾውም ሎሚውም የሚያድገው በሰው እጅ ነው። እርሳቸውም ፊደል ሳይቆጥሩ መኮትኮት ለመዱ። በ1939 ዓ.ም. ከአቶ አዘዘ ዳምጤ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ፀሐይወርቅንና ዳኘውን ወለዱ። በ1954 ዓ.ም. ባለቤታቸው የፋብሪካ ሥራ ሲያገኙ፣ የጌሾ ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በታንኳ ባሕር ዳር ገቡ። አቶ አዘዘ በ1965 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጆቻቸውን ከጓሮው በሚያወጡት ጎመንና ጌሾ አሳደጉ።

ዳኘው ከተወሰደ በኋላ ስድስት ሳምንት ወደ እስር ቤቱ ስንቅ አመላለሱ። በሰባተኛው ሳምንት አገልግሉ እንደተከደነ ተመለሰላቸው። “እዚህ የለም” ከማለት በቀር የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሞቱ ስላልተነገረ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ፍትሐትም አልተደረገለትም። “ጥቁር ብለብስ ልጄን ገደልሁት፤ ነጭ ብለብስ ረሳሁት” ብለው እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፈር መልክ ያለው ቀሚስ ለበሱ።

“እጄ ነው ያዘገየኝ” እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ አፈር አልነኩም። እንቅልፍ ከዳቸው፣ እህል አስጠላቸው፣ እግራቸው አበጠ፣ የደም ግፊታቸውም በረታ። ጎረቤታቸው ነርሷ ሲስተር ፅጌ ማርያም ኪኒኑን እየሰጡ፣ “እትዬ፣ ይህ ያስተኛዎታል እንጂ አያስነሳዎትም። ዳኘው ቢመጣ አልጋ ላይ ነው የሚያገኝዎት?” አሏቸው። ወይዘሮ አገርነሽ በማግስቱ መኮትኮቻውን ከጣራው ሥር አወጡት።

መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም፣ ቀጥሎ ጎመንና ድንች ተከሉ። ወገባቸው ሲደክም እንቅልፍ መጣ፤ ያለሙትን ሲቀምሱም እህል ተስማማቸው። በዓመቱ የእግራቸው እብጠት ጎደለ፣ ግፊታቸውም ረገበ። ሐዘኑ አልቀነሰም፤ የሚሸከሙበት ጉልበት ግን አገኙ። በ1974 ዓ.ም. በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ሲቆጥሩ መጀመሪያ አስተካክለው የጻፉት የልጃቸውን ስም ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ “ጎመኑን እንዴት አደርክ ብለው እኛን ያልፉናል” ብለው ሲያሟቸው፣ “ጎመን ሐሜት አያውቅም” ብለው መለሱላቸው። ዘወር ብለው ግን ከዚያው ጎመን አንድ ዕቅፍ ሙሉ ሰጧቸው።

የዚያ ጧት ሎሚ ሥሩ ሳይለብስ ደርቆ ቀረ። ጉድጓዱን ግን አልደፈኑትም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ደለሉን ይጠርጋሉ፣ ዙሪያውን ይተክላሉ፣ እርሱን ይተዉታል። የጠየቃቸውን ሁሉ፣ “ዳኘው ሲመጣ አብረን እንጨርሰዋለን” ይሉት ነበር።

ከሐምሌ 1980 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ድካም ጸንቶባቸው በሐኪምም በጸበልም ሲረዱ ቆዩ። መስከረም 28 ቀን 1981 ዓ.ም. ልጃቸውን ወይዘሮ ፀሐይወርቅን ተደግፈው ወደ ጓሮ ወጡና የሎሚ ችግኝ አስመጡ። ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጠው ችግኙን አቆሙ፤ ሥሩን እስከ መጨረሻው በገዛ እጃቸው አለበሱት። ሲጨርሱ፣ “ከእንግዲህ ስሙን ከስሜ ጋር አስጠሩልኝ” አሉ። አሥር ዓመት ያላሉት ቃል ይኸው ነበር።

ጥቅምት 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። አንዲት ሴት ልጅና ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ልጃቸው ዳኘው አዘዘ በፈቃዳቸው መሠረት ቀድመዋቸው ካረፉት ጋር ተጽፏል። ዛሬ በሚደረገው ፍትሐት የሁለቱም ስም ይጠራል፤ ለቅሶውም የሁለቱም ነው።

ዕድሜ ልካቸውን ያለሰለሱት አፈር ይቅለላቸው። ሲጣራ ካልደረሱለት ልጃቸው ጋር እግዚአብሔር በአብርሃም ዕቅፍ ያገናኛቸው። አሜን።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ዛሬ ጧት፣ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ፣ ሎሚውን አጠጥተው ባልዲውን ከግድግዳው ሥር ደፍተው አስቀምጠዋል።