ያልተቀመጥኩበት ስብሰባ

ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ የእማዬም ጉልበት ተሽሏታል።

እኔ አሁንም ማዘጋጃ ቤት፣ ግንባታ ፈቃድ ክፍል ነኝ። ዓምዶቹ ቀጭን ናቸው ብዬ አልፈርምም ያልኩት የገበያ ሕንፃ ተሰነጠቀ። ባለቤቱ ለኃላፊያችን ፓርቲ በምርጫ ሰሞን መኪና የሚያቀርበው ሰውዬ ነው። ታዲያ ፈቃዱ የጸደቀበት ቃለ ጉባኤ ሲወጣ የእኔም ፊርማ አለበት! መዝገብ ቤት ያሉት ሴትዮ «እንዲያውም ከወትሮው አምሮልሻል» ብለው ሳቁብኝ። ኃላፊያችን ደግሞ «አይዞሽ የኔ እህት፣ አብረን አይደል የፈረምነው?» ይሉኛል። ሁሉም ደግ ሆነውብኝ ማንን እንደምጠረጥር ጠፋኝ። አንዳንዴማ ፈርሜ ረስቼው ይሆን እንዴ እላለሁ።

የሕንፃውን ጉዳይ የያዘው ፖሊስ መርማሪ ለሐሙስ ድጋሚ ጠርቶኛል። እሄዳለሁ፤ ቃሌን አልለውጥም። የእማዬን መድኃኒት ሰዓት ለጎረቤታችን ጽፌ ሰጥቻታለሁ፤ እንዲሁ ለምናልባቱ ነው።

ስብሰባው ተደረገ የሚሉት አንተን በሸኘንበት ጠዋት ነው። ኤርፖርት በር ላይ አብረን የተነሳነውን ፎቶ፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበትን፣ ከሐሙስ በፊት ላክልኝ። ለእማዬ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው ብያታለሁና እንዳታሳጣኝ።

ጤናህን ጠብቅልኝ።

ሁሌም የምትወድህ እህትህ