ጅቡቲ በሐምሌ

ሰኔ 3
ዛሬም ዝናብ። የፈተና ወረቀት ሳርም ዋልኩ። ሳሚ ሳሎኑ መሃል ሳይክሉን ገልብጦ ጎማ ይነካካል። ትርፍ ከመነዳሪ፣ ፓምፕ፣ የውሃ ኮዳ... መቆሚያ የለም። ከዋለ ጋር ጅቡቲ ሊሄዱ ነው፤ ከጅቡቲ ከተማ እስከ እዚያው አገር ጨው ሐይቅ በሳይክል። ዋለ እዚህ ቦንጋ አብሮት ያስተምር ነበር፤ አሁን ደብረ ማርቆስ ተዛውሯል።
"ትምህርት ሲዘጋ፣ ሐምሌ ላይ። ክረምት ስለሆነ አይሞቅም" አለኝ ባሌ። እኔም አመንኩ። ሐምሌ ለእኛ ጭቃና ብርድ አይደል?

ሰኔ 7
ጋሽ ፍቅሩን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌር። የሳሚን ጉዞ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ስል... አልሳቁም።
"በሐምሌ? በሳይክል? ልጄ፣ እዚያ ሐምሌ ክረምት አይደለም። ነፋሱ ራሱ እሳት ነው። እኛ እንኳ ቀን መኪናው ሥር ተኝተን ማታ ነው የምንነዳው።"


ሰኔ 8
ለሳሚ ነገርኩት። "ጋሽ ፍቅሩ ማካበድ ይወዳሉ።" እናቱ እትዬ የሻረግ ደግሞ ከጓዳ፣ "በመንገደኛ ላይ አታሟርቺ!"
ወደ ፈተና ወረቀቴ ተመለስኩ። አንድ ነገር ቢሆን... ያሟረትኩበት እኔ ልባል ነዋ?

ሰኔ 15
ፈራሁ። በቃ።

ሰኔ 19
ሳሚ ሙቀት ልለማመድ ብሎ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለችበት ቀትር ወፍራም ጃኬት ለብሶ ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ዳገቱን ወጣ። ሰው ሁሉ ሳቀበት። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። ደጃፍ ላይ አስመለሰው።
"ምንም አይደል። ለእማዬ እንዳትነግሪያት።"
ቦንጋ ላይ እንዲህ ከሆነ... እዚያ በረሃ መሃል ማን ያነሳዋል? ዋለ? ዋለ ራሱ ቢወድቅስ?

ሰኔ 30
ነገ ጠዋት ይነሳል። ጎረቤት ሊመርቀው ተሰበሰበ። የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ቆሙ። "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ! በሰላም ሄደህ በሰላም ተመለስ!"
"አሜን!" አለ ቤቱ። የኔ አፍ እምቢ አለ። አሜን ካልኩማ ላክሁት ማለት ነው። እትዬ የሻረግ አዩኝ።
"ሰብሌ?"
"አልልም። ይሞታል።"
በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ምን ነካኝ? አንዷ አማተበች። እትዬ የሻረግ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሳሚ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ሊጮህብኝ ነው እያልኩ ተከተልኩት። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣
"እኔም እኮ አሜን አላልኩም" አለኝ።

ሐምሌ 1
ለዋለ ደውሎ ጉዞውን ሙቀቱ ለሚበርድበት ለጥር አስተላለፉት። ጥር ይምጣና ደግሞ እፈራ ይሆናል... ግን ያኔ አፌን አልይዝም። እትዬ የሻረግ እስካሁን አያናግሩኝም። ያኩርፉ። ልጃቸው አለላቸው።