ውሃው የወጣለት አይብ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ፣ ሥራህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህና ልጅህ እንዴት ናቸው?

የአባባ ኩላሊት መድከሙን ባለፈው ጽፌልህ ነበር። ያኔ የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ወተት በቀን ከግማሽ ስኒ እንዳይበልጥ አስጠንቅቃቸው ነበር። አባባን ታውቃቸዋለህ፤ ሠላሳ ዓመት ለፋብሪካው ከገበሬ ወተት ሲረከቡ ኖረው በወተት ጉዳይ ማን ይነግራቸዋል? ወተቱን እሺ ብለው ተዉና ወደ አይብ ዞሩ። "እግሬን የሚያሳብጠው ውሃ ነው፤ አይብ ደግሞ ውሃው የወጣለት ነው" አሉ። እኔም አይብ ፋብሪካ እየዋልኩ፣ እውነታቸውን ነው አልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኛ የሚታደለውን ቁራጭ አንድም ቀን ሳላስቀር አመጣሁላቸው። ሲበሉ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ማሳከክ ጀመራቸው። ጀርባቸውን በበሩ መቃን ሲያሹ አገኛቸዋለሁ። እማዬ ሳሙና ቀየረች፣ አንሶላ ቀቀለች፤ ወይ ፍንክች። የደም ምርመራው ሲመጣ ባለሙያዋ ኩላሊቱ ማስወጣት ያቃተው ፎስፈረስ አሻቅቧል፣ የሚያሳክካቸውም እሱ ነው አለችና ምን እንደሚበሉ ጠየቀችኝ። ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ውሃው ሲወጣ ፎስፈረሱ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። እንደ ፋብሪካችሁ ቀልጦ የሚሠራው ደግሞ የባሰ ነው፤ እንዲዋሃድ ፎስፈረስ ያለበት ዱቄት ይጨመርበታል" አለችኝ። ወንድም ጋሼ፣ ያን ዱቄት ማቅለጫው ውስጥ የምበትነው እኔ ነኝ። በማግስቱ የከረጢቱን ጽሑፍ አነበብኩ፤ ስድስት ዓመት ስሸከመው ልብ ብዬው አላውቅም። ፎስፌት ይላል።

ከዚያ ወዲህ አይብ ቤታችን አልገባም። የፈቀደችላቸው ያችው ግማሽ ስኒ ወተት ናት፤ ዳቦው ላይ ጥቂት ቅቤ እቀባላቸዋለሁ። አንተም የዱቄት ወተት መላክህን ተው፣ አደራ። ሆኖም ከወር በኋላ የፎስፈረሱ ቁጥር ጨመረ። እማዬን በድብቅ ትሰጫቸዋለሽ ወይ ብላት አለቀሰች። አባባም አልቀመስኩም ብለው ማሉ፤ አመንኳቸው። ሐኪሙም አመናቸው። ግን ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና፣ "ሰርቀው በልተው ቢሆን ይሻል ነበር። ካልበሉ ኩላሊታቸው የቀረችውንም ሥራ እየተወ ነው" አለኝ። ስለ ኩላሊት እጥበት ማሽን እንድናስብም ነገረኝ። እኔ እንደሆንኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን ማየት አስጠልቶኛል።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፤ ታናሻችንም ናፍቆቷ በርትቶባታል። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጅህን ሳምልኝ። አባባ "ደህና ናቸው ብለሽ ጻፊለት፤ ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣ" ብለው አዘውኛል። በዕድሜዬ ትእዛዛቸውን ስጥስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ና።

እህትህ

ከፋብሪካው ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ግንቦት 19 ቀን