ሩብ ፍሬን ስለዋጠው ፊደል

ለክቡር የሥልጠና ሰነዶች ደረጃ ማስጠበቂያ ዴስክ ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ኮምፒውተሮችም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋዬ ነው። የድሬ ሙቀት በዚህ ሳምንት በርትቷልና የቢሮዎ ማቀዝቀዣ እንዳይበላሽብዎ ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ ሲስተር ሉብና ዛኪር እባላለሁ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለች ጤና ጣቢያ ሕፃናትን የማክም ነርስ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የቢሮውን ሰነድ ያለፈቃድ በእስክሪብቶ አበላሽተሻል ብለው በጽሑፍ ማብራሪያ ስለጠየቁኝ፣ ማብራሪያዬ በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ብቻ እንዲቀር ልቤ ስላልፈቀደ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

አንደኛ፣ ለጥንቃቄዎ ምስጋና ላቅርብ። ሲስተር ዛምዛም ሃያ ስድስት ዓመት ሕፃናትን ያከሙ፣ እኔንም መርፌ መያዝ ያስተማሩኝ ሴት ናቸው። ደቻቱ ሞልቶ ከወረደ በኋላ ወባው ሲበረታ፣ ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን ወባ የሚያጠፋው መድኃኒት ለትንንሽ ልጆች እንዴት እንደሚሰጥ የሚያስረዳውን ሥልጠና በፓወርፖይንት ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የጻፉት በቃል ነበር፤ ለሁለት ዓመት ልጅ ሩብ ፍሬ፣ በቀን አንዴ ብለው። ቢሮዎ ግን ቁጥር በአኃዝ እንጂ በቃል አይጻፍም የሚል ቀይ ማስታወሻ አክሎ መለሰላቸው።

እሳቸውም ታዘዙ። ኪቦርድ ላይ ሩብ የሚባል ቁልፍ የለም፤ የእሳቸው ላፕቶፕ ደግሞ በቀኝ በኩል የሚደረደሩት ቁጥሮች የሉትም። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ሳቢያን ወዳለው የዋይስ ፎቶ ኮፒ ቤት በባጃጅ እየተመላለሱ ተማሩ። አልት የሚለውን ቁልፍ ይዞ 0188 ሲመታ ሩብ፣ 0189 ሲመታ ግማሽ እንደሚወጣ ዋይስ አሳያቸው። እንዳይረሷቸው ቁጥሮቹን በቁስል ፕላስተር ላይ ጽፈው ቤት ካለው ላፕቶፓቸው ጠርዝ ላይ ለጠፏቸው፤ ሰነዱን ግን እዚያው ዋይስ ዘንድ ጨረሱት። የመጀመሪያዋ ¼ የወጣችላቸው ቀን ደውለው ነገሩኝ። በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ይስቁ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለውበት ስላለዎት ፍቅር አመሰግናለሁ። ሰነዱ እንደደረሰዎ ከዳር እስከ ዳር ወደ ቢሮው የግዕዝ ፊደል፣ ኮምፒውተረኞቹ ፎንት ወደሚሉት፣ ተለወጠ። ይህ ፊደል ዕድሜው ከእኔ የሚስተካከል፣ ከድሮ ኮምፒውተሮች የተወረሰ ፊደል ስለሆነ ¼ የምትባል ምልክት አያውቅም፤ በቦታዋ ባዶ ሳጥን አስቀመጠ። ሳጥኗ ዓይን ስለረበሸች አንድ ታታሪ ባልደረባዎ ሰረዟት። «ለሁለት ዓመት ልጅ ፍሬ፣ በቀን አንዴ» የሚል ንጹሕ መስመር ቀረ። ሲስተር ዛምዛም ዲግሪ ስለሌላቸው እንዲያሠለጥኑ ስላልተፈቀደላቸው፣ ሥልጠናውን የሰጠን ከቢሮዎ የተላከ ሰው ነው፤ እሱም የተጻፈውን አነበበልን። እኔ በማስታወሻዬ ላይ «አንድ ፍሬ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ የሚለውን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ከእርስዎም ከማንም አልደብቅም።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ምስጋናው አፌ ላይ ይደርቃል።

ኢልሃን የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ሃሊሞ ቀፊራ ገበያ ሻሽና ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ ትሸጣለች። ልጅቷ ከወባዋ ካገገመች በኋላ ሕመሙ እንዳይመለስባት ብዬ ለአሥራ አራት ቀን አሥራ አራት ፍሬ ቆጥሬ፣ በወረቀት ጠቅልዬ ለሃሊሞ የሰጠኋት እኔ ነኝ። እናቶች ልጃቸው የዳነ ሲመስላቸው መድኃኒቱን ስለሚያቋርጡ፣ ብታስታውክም እንዳታቆሚ፣ አንድም ቀን እንዳታሳልፊ ብዬ አደራ አልኳት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ኢልሃንን ታቅፋ መጣች። የልጅቷ ዓይን ቢጫ ሆኗል፣ ከንፈሯ ነጥቷል፤ ሽንቷ የጠቆረ ሻይ መስሏል። መድኃኒቱን እንዴት እንደሰጠቻት ስጠይቃት፣ ሥራውን በደንብ እንደሠራ ሰው ቀና ብላ አየችኝ።

«ሲስተር፣ እንዳልሽኝ ነው፤ አንድም ቀን አላሳለፍኩባትም» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሥራ ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቃል ያቆሰለኝ ግን የለም።

ይዣቸው ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሞቹ መድኃኒቱ በዝቶባት ደሟ እየፈረሰ መሆኑን ነገሩን፤ ደም ሰጧት፤ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት በፊት ሕይወቷ አለፈ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተቀበረች። ከቀብሩ በኋላ ሃሊሞ ቤት ሄጄ የሰጠኋት መጠን ስህተት እንደነበረ፣ ፍሬዎቹን የቆጠረውም የእኔው እጅ እንደሆነ ነገርኳት። መዳፏን ዘርግታ አየች። ከዚያ «ያጎረስኳት እኔ ነኝ» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲስተር ዛምዛም ይህን ሲሰሙ ሰነዱ ያለበትን ፍላሻቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። የእሳቸውን ሰነድና የቢሮዎን ሰነድ ጎን ለጎን ከፍተን አየን። በአንዱ ሩቧ ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች፤ በሌላው የለችም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «በቃል እንደጻፍኩት እንቢ ብዬ ብተወው ኖሮ» ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። በዚያው ሰዓት ቢሮዎ መጣሁ፤ ማመልከቻ ጽፈሽ ነይ ተባልኩ። በማግስቱ ማመልከቻዬን ይዤ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ደግሞ እርማቱ በሚቀጥለው እትም እንደሚታይ ጸሐፊዎ በትሕትና አስረዱኝ።

ከበርዎ እንደወጣሁ ባጃጅ ያዝኩና ሥልጠናውን የወሰዱትን ስድስቱንም ጤና ጣቢያዎች ዞርኩ። ከሰነዱ ታትሞ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ፣ ፍሬ ከምትለው ቃል በፊት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሩብ» ብዬ ጻፍኩ። በአራተኛው ጤና ጣቢያ ነርሱ አብዲራሺድ ለአንዲት እናት ፍሬ እየቆጠረ አገኘሁት። እጁን ያዝኩት። ነገሩን ስነግረው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ፍሬዎቹን መልሶ ወደ ብልቃጡ ከተተና በምላጭ እየከፈለ እንደገና ቆጠረ። የዚያች እናት ልጅ ዛሬ በሰላም ቤቱ አለ። ሰነድ ማበላሸት ያሉት እንግዲህ ይህ ነው፤ ጥፋቴን አምናለሁ፤ ነገም ቢሆን እደግመዋለሁ።

አራተኛ፣ ላቋቋሙት የምርመራ ኮሚቴ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ኮሚቴው እኔ ሳላጣራ መድኃኒት መስጠቴን አረጋግጧል፤ እውነት ነው፣ ፈርሜ ተቀብያለሁ፤ እስክሞትም ከእኔ ጋር ይኖራል። ሲስተር ዛምዛም ደግሞ ደረጃውን ያልጠበቀ ምልክት ተጠቅመዋል ተብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ፊደልዎ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። እሳቸው ማስጠንቀቂያውን ቆመው አንብበው፣ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ጡረታቸው ሦስት ዓመት ሲቀረው ሥራቸውን ለቀቁ። አሁን ጎረቤት የታመመ ልጅ ይዞ ሲመጣባቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ሐኪም ቤት ውሰዱት ይላሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ልጆችን ሲዳስስ የኖረ እጅ ልጅ መንካት ፈርቷል።

ሰነዱ ይህን በምጽፍበት ቀንም አልታረመም። በሚቀጥለው ወር አዲስ የተቀጠሩ ነርሶች በእሱ እንደሚሠለጥኑ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ሩ እና ብ። ሁለቱም በቢሮዎ ፊደል ውስጥ መኖራቸውን አጣርቻለሁ።

ለሰነድ ንጽሕና ሲሉ ስለሚደክሙት ድካም አላህ ዋጋዎን እንዲከፍልዎ፣ በወረቀትዎ ላይ ምንም ዓይነት ሳጥን ዳግም እንዳይታይብዎ እየተመኘሁ፣ በጥልቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎን በመጠባበቅ ላይ ያለችው
ሲስተር ሉብና ዛኪር

ማስታወሻ፦ ሃሊሞ ማንበብ ስለማትችል የኮሚቴውን ዘጠኝ ገጽ ሪፖርት እንዳነብላት ጠይቃኝ እያንዳንዱን መስመር አነበብኩላት። በዘጠኙም ገጽ ልጇ «ጉዳዩ» ተብላለች እንጂ ስሟ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ሃሊሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ ይህ የተጻፈው ስለ ሌላ ሰው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን እርስዎ እንዲሰጧት አድራሻዋን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።