ቮልስህን ማን ነካት?

ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። አልጋው በአንተ በኩል እንደተነጠፈ ያድራል። ሸማ ተራ ያለችውን ሱቃችንን አልዘጋሁም፤ የአማኑኤሉ ግቢያችንም እንዳለ ነው። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ማመን አቅቶኛል።

ምክንያቷ ቮልስህ ናት። የመቃብርህ አፈር ሳይደርቅ ነው ደላላ በሬን ማንኳኳት የጀመረው። አንዱ የልጅነት ትዝታዬ ናት ይለኛል፣ ሌላው ፎቶ ላንሳት ይላል። ፎቶ አንሺ ጎማ ሥር ምን ያጎነብሳል? እንደ እሷ ያለች መኪና ከግቢ ከወጣች እስከ ማታ ተበታትና በየተራው እንደምትሸጥ አንተው ነህ የነገርከኝ።

ልጃችን ሰናይት በጥር ታገባለች። በቮልሴ ነው የምድራት ብለህ ስትፎክር አልነበር? መኪናዋን ላስነሳት ብል እምቢ አለች። መካኒክህ ኸይሩ ሞተሩን ከፍቶ አየና፣ አንዲት ጣት የማታህል ዕቃ ወልቃለች፣ ያለ እሷ አትነሳም አለኝ። ከአንተ ሌላ ያንን ሞተር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ዳግመኛ ግቢዬን እንዳትረግጥ አልኩት። ቀጥዬ ወንድምህን ጠረጠርኩ፤ ስለ ሙት ዓመትህ ሊያማክረኝ በመጣ ቁጥር ዓይኔን ከእጁ ላይ አልነቅልም።

አንድ ጠዋት ጥርሴን ስፍቅ ትዝ አለኝ። አንተው ነህ! ማታ ከሥራ ስትገባ ሞተሩ ላይ አጎንብሰህ ትቆይና እጅህን ካፖርትህ ኪስ ትከት ነበር። ዘይት የምታይ ይመስለኝ ነበር። ለካ መኪናዋን ሌባ እንዳያስነሳት ያቺን ዕቃ እየነቀልክ ነው። ከታመምክባት ማታ ጀምሮ እዚያው ኪስህ ቀርታለች። ካፖርቱን ደግሞ በአርባህ ከልብሶችህ ጋር ለአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ነዳያን ሰጥቼዋለሁ። አገሩን ሁሉ ስፈትሽ ያንተን ኪስ አልፈተሽኩም።

አማኑኤል ደጅ ሄድኩ። ካፖርትህን ከሩቅ ለየሁት። የለበሰው ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፤ ትከሻው ሰፊ ነው። አንተ መስለኸኝ ስምህን ልጠራ አፌን ከፍቼ ነበር። ዞር ሲል ሌላ ሰው ነው። ኪሱን እንዲፈትሽልኝ ነገርኩት፤ ተቀዶ ዕቃዋ ገበሩ ውስጥ ገብታ ኖሯል፤ ፈልፍሎ አወጣልኝ። እሱንም በሌላ ቀይሮብኝ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩት። ኸይሩን ለምኜ መለስኩትና ገጠማት፤ ተነሳች። አሁን ማታ ማታ እኔ እነቅላታለሁ፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬያት አድራለሁ።

እሁድ እሁድ አማኑኤል ደጅ እሄዳለሁ። ለሰናይት ልመጸውት ነው እላታለሁ፤ ለወንድምህ ሰውዬው ካፖርቱን እንዳይሸጠው ልይ ነው እለዋለሁ። ሁለቱም አላመኑኝም መሰለኝ። ሰውዬው ጀርባውን እስኪሰጠኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲሰጠኝ አንተን አይሃለሁ፤ ከዚያ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ካፖርቱ አልቆ ቢጣልም፣ ሆዴ፣ እኔ አልረሳህም።